የቦብካት ባክሆ በኬዝ ስኪድ ስቲር ላይ፦ ሰሌዳው ገባ ማለት ተገጠመ ማለት አይደለም

ጥያቄው ከኮምቦልቻ የመጣ ነው። ስኪድ ስቲር ፊቱ ላይ የተለያየ መሣሪያ የሚገጠምለት ትንሽ ሎደር ነው፤ ባክሆ ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱ፣ ቦይ መቆፈሪያው ነው፤ ኬዝና ቦብካት የአምራቾች ስም ናቸው። አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦ «ባለ ጎማ ኬዝ ስኪድ ስቲር ሎደር አለኝ፤ 60 የፈረስ ጉልበት፣ ቱርቦ የሌለው። መመሪያው ላይ የመሥሪያ ጭነቱ 800 ኪሎ፣ የተጨማሪ ሃይድሮሊክ ፍሰቱ በደቂቃ 65 ሊትር፣ ግፊቱ 210 ባር ይላል። ያገለገለ የቦብካት ባክሆ ገዛሁ፤ ራሱ ላይ መቀመጫና ማንሻ ያለው፣ 640 ኪሎ የሚመዝን ነው፤ የአምራቹ የመረጃ ጽሑፍ ላይ የሚፈልገው ፍሰት በደቂቃ ከ38 እስከ 76 ሊትር ይላል። የፊቱ ማያያዣ ልክ ገባ፣ ሁለቱ ሽብልቆችም ቆለፉ። ከታች በኩል ግን ሁለት ጆሮዎቹ ምንም ሳይዙ ቀሩ። በያጁ ላሜራ ቆርጠን ሻሲው ላይ እንበይደዋለን አለኝ። ከመቀመጫዬ ስነሳ ደግሞ ዘይቱ ይቆማል፤ የመቀመጫውን የደህንነት ሽቦ በቀጥታ አገናኘው የሚሉኝ አሉ። የሆዞቹ ጫፍም አልገጠመም። ሥራዬ ደሴ ላይ 1.2 ሜትር ጥልቀት ያለው የውሃ ቱቦ ቦይ ነው፤ እዚያ ከፍታው ጉልበት ይበላል ይባላል። ይሠራል ወይስ ገንዘቤን ጣልኩ?»

ገንዘብዎን አልጣሉም፤ አሁን ባለበት ሁኔታ ግን አንድ ባኬት አፈር እንኳ አይቆፍሩበት። መልሱ ያለው ባዶ በቀሩት ሁለት ጆሮዎች ላይ ነው።

የፊቱ ማያያዣ በአብዛኛው የስኪድ ስቲር አምራች ዘንድ አንድ ዓይነት ነው፤ አይኤስኦ 24410 የሚባል የጋራ ልክ አለው። የራሳቸው ማያያዣ ያላቸው አሮጌ ሞዴሎችና ቆሞ የሚነዱት ትንንሾቹ ማሽኖች ከዚህ ውጭ ናቸው። የቦብካቱ ሰሌዳ በኬዝ ላይ መግባቱ ስለዚህ አያስገርምም። ያ ማያያዣ የታሰበው ግን ባኬት፣ ሹካና መጥረጊያ ለመሸከም ነው፤ እነዚህ ሁሉ ክብደታቸውን ወደ ታች፣ ግፊታቸውን ወደ ኋላ ነው የሚጥሉት። ባክሆ ወደ ጎን ይወዘወዛል። ቡሙ (የባክሆው መቆፈሪያ ክንድ) 2.5 ሜትር ተዘርግቶ ባኬቱ ጫፍ ላይ 400 ኪሎ የጎን ኃይል ቢያርፍ፣ ማያያዣው ላይ 400 ኪሎ ሲባዛ በ2.5 ሜትር፣ ማለትም 1000 የሚሆን ጠመዛ ይመጣል። ሁለቱ ሽብልቆች በግምት አንድ ሜትር ተራርቀው ስለሚገኙ አንዱ በአንድ ቶን ሲሳብ ሌላው በአንድ ቶን ይገፋል፤ ቡሙ በዞረ ቁጥር ደግሞ ይለዋወጣሉ። በቀን መቶ ጊዜ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ሽብልቁ ይላላል፣ ቀጥሎ የሎደሩ ክንድ ፔርኖ (ማያያዣ ፒን) ቀዳዳ ክብነቱን ያጣል፣ በመጨረሻም ሁለቱን ክንዶች የሚያገናኘው ቱቦ ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የሚጀምረው ቱቦው ከክንዱ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን፣ ከሥር በኩል ነው፤ ቀለሙ እንደ ፀጉር በቀጠነ የዝገት መስመር ሲነቃ ይታያል። ክንዱ ታጥቦ ካልታየ በስተቀር ግሪስና አፈር ይሸፍነዋል።

ጆሮዎቹ ይህንን ኃይል ከክንዱ ላይ አውርደው ለሻሲው የሚያስረክቡ ናቸው። አምራቹ ለየማሽኑ የሚሸጠው የመግጠሚያ ኪት አለ፤ ከሻሲው የፊት ታችኛ ክፍል ጋር በብሎን ይታሰርና የባክሆው ጆሮ በፔርኖ ይያዝበታል። ኪቱ ከሌለ፣ ባክሆው የክንዱን ማንሻ ሲሊንደሮች እየገፋ ነው የሚቆፍረው። ኦፕሬተሩ የሚያየው ምልክትም ይህ ነው፤ ባኬቱ ጠንካራ አፈር ሲነካ ከመቆፈር ይልቅ የማሽኑ አፍንጫ ይነሳል ወይም ክንዱ ቀስ እያለ ይወጣል። የማረጋጊያ እግሮቹ የተወሰነውን ቢሸከሙም የጎኑን ጠመዛ ብቻቸውን አይችሉትም። ከሥር ምንም ሳይያዝ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ባክሆም ገበያ ላይ አለ፤ የእርስዎ ግን ጆሮ ስላለው ከዚያ ወገን አይደለም።

ወደ በያጁ ሐሳብ ልምጣ። ሻሲው ላይ መበየድ የለበትም። በስኪድ ስቲር ግራና ቀኝ ጎን ውስጥ ጎማዎቹን የሚነዳው ሰንሰለት በዘይት ተነክሮ የሚዞርበት ሳጥን አለ። ከውጭ ሲታይ ወፍራም ሻሲ የሚመስለው ግድግዳ የዚያ ሳጥን ግድግዳ ሊሆን ይችላል፤ ሙቀቱ ያጣምመዋል፣ ከውስጥ ያለውን ዘይትም ያቃጥላል። ወደ ክንዱ መበየድ ደግሞ የባሰ ነው፤ ብየዳው ያለቀበት ቦታ ላይ ብረቱ ይደክምና ስንጥቁ ከዚያው ይነሳል። ማሽኑ ኮምፒውተር ያለው ዘመናዊ ከሆነ፣ ባትሪውና የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ሳይነቀሉ የተበየደ እንደሆነ ሳጥኑ ሊቃጠል ይችላል።

መሥራት የግድ ከሆነ ግን በብሎን የሚታሰር ማቀፊያ ነው መሠራት ያለበት። ፋብሪካው ራሱ በሻሲው ላይ የተዋቸውን ቀዳዳዎች ይጠቀሙ፤ አዲስ አይብሱ። ላሜራው ከ20 ሚሊሜትር ያላነሰ ይሁን፣ የግራውና የቀኙ ከሥር በመስቀለኛ ብረት ይያያዙ፤ ሳይያያዙ የቀሩ እንደሆነ እያንዳንዱ ለብቻው ይጣመማል። በየጎኑ ቢያንስ አራት ባለ 20 ሚሊ ብሎን ያስፈልጋል፤ ራሱ ላይ 10.9 የሚል ቁጥር ያለው መሆን አለበት፤ 8.8 በቀላሉ ስለሚገኝ ብቻ አይተካው። ማጥበቂያው ወደ 550 ኒውተን ሜትር ነውና በቶርክ ቁልፍ እንጂ በእጅ ግምት አይሆንም። ጆሮው የሚያዝበት ቡሽ (ፔርኖው የሚገባበት የብረት ቀለበት) ቶርኖ ቤት ይዞር፤ በፔርኖውና በቡሹ መካከል ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ክፍተት ይበቃል። ክፍተቱ 2 ሚሊ ከሆነ እያንዳንዱ መወዝወዝ መዶሻ ሆኖ ይመታዋል። ማቀፊያው ራሱ ሲበየድ 7018 ኤሌክትሮድ ይጠቀሙ፤ ካርቶኑ ተከፍቶ የቆየ ከሆነ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ በሚሞቅ ምድጃ ለሁለት ሰዓት ይድረቅ። ለበርና ለመስኮት የሚያገለግለው 6013 እዚህ ላይ ቦታ የለውም። የሞተሩ ዘይት ማፍሰሻ እንዳይሸፈን፣ ማቀፊያውም ከሻሲው ሆድ በታች እንዳይንጠለጠል ከመቆረጡ በፊት ይለካ። ንድፉን አንድ የሜካኒካል መሐንዲስ ሳያሰላው ብረት አይቆረጥ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው እዚያው ኮምቦልቻ ስለሆነ ሙያው ያለውን ሰው ፍለጋ ሩቅ አይሄዱም።

ክብደቱን በተመለከተ «640 ከ800 ያንሳል፣ አለቀ» የሚል ሒሳብ ይሰማል፤ ስህተት ነው። 800 ኪሎ የተለካው ባኬት ውስጥ ላለ ጭነት ነው። የባክሆው ክብደት መሐል ግን ከባኬቱ ይልቅ ወደ ፊት የወጣ ነው። በምሳሌ እንየው። ከፊት ጎማው መሐል እስከ ማያያዣው 0.6 ሜትር፣ የባኬቱ ጭነት መሐል ከማያያዣው 0.5 ሜትር፣ የታጠፈው ባክሆ ክብደት መሐል ደግሞ 0.95 ሜትር ቢሆን፣ ማሽኑ የተፈቀደለት 800 በ1.1፣ ማለትም 880 ነው፤ ባክሆው የሚያመጣው 640 በ1.55፣ ማለትም 992 ነው። ሜዳ ላይ አፍንጫው አይተከልም፤ ምክንያቱም ለባለ ጎማ ማሽን የመሥሪያ ጭነት የሚባለው የመውደቂያው ጭነት ግማሽ ነው። ያ የተተወው ግማሽ ግን ለጉድጓድ፣ ለቁልቁለትና ለድንገተኛ ፍሬን የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው። ባክሆውን በሰንሰለት አንጠልጥለው ሚዛን የሚጠብቅበትን ነጥብ ካገኙ በኋላ የራስዎን ማሽን ልክ አስገብተው ያስሉት፤ ትርፍ ከመጣ አምራቹ ለኋላ የሚሸጠውን የክብደት ብረት ይጨምሩ። በሽቦ የታሰረ ድንጋይ ወይም በአሸዋ የተሞላ በርሜል ክብደት አይባልም።

ደሴ ላይ የሚሠራ ኦፕሬተር ልማዱን የሚገለብጥበት ነገርም አለ። ባዶ ስኪድ ስቲር ከባዱ ጎኑ ኋላው ስለሆነ ዳገት የሚወጣው በሪቨርስ ነው። ባክሆ ሲገጠምለት ግን ከባዱ ጎን ፊቱ ይሆናል፤ ስለዚህ ዳገቱን በፊቱ ይውጣ፣ ቁልቁለቱን በሪቨርስ ይውረድ። ደንቡ ያው ነው፣ ከባዱ ጎን ሁልጊዜ ወደ ዳገቱ ይዞራል። ቡሙ የታጠፈና በፒን የተቆለፈ፣ ክንዱም መሬት እንዳይነካ ያህል ብቻ ከፍ ያለ ይሁን። ማሽኑ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት የሚወጣው በሎቤድ (ማሽን በሚጭን ዝቅተኛ ተሽከርካሪ) ነው፤ ጎማዎቹ በታኮ፣ ቡሙ በሰንሰለት ይያዝ።

ከፍታው የሚያሳስበውን ያህል አይደለም። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ደሴ ወደ 2500 ሜትር ነውና 60ው የፈረስ ጉልበት ወደ 45 ይወርዳል። ባክሆው የሚፈልገው 65 ሊትር በ180 ባር፣ ማለትም 19.5 ኪሎዋት ነው፤ የፓምፑ ብክነት ሲጨመር ወደ 23 ኪሎዋት፣ በፈረስ ጉልበት 31 ይሆናል። ቆሞ ለሚቆፍር ማሽን በቂ ነው። የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ራዲያተሩና የዘይት ማቀዝቀዣው የሚያወጡት ሙቀት ይቀንሳል፣ የቦዩ አቧራ ደግሞ ክንፎቹን ይደፍናል። ጠዋት ጠዋት በአየር ግፊት ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋ።

ሃይድሮሊኩ ላይ ቁጥሮቹ ይስማማሉ። 65 ሊትር በ38 እና በ76 መካከል ስለሆነ ፍሰቱን መቀነስ አያስፈልግም። ፍሰቱ ቢበዛ ኖሮ በማሽኑ ዝቅተኛ ፍሰት ወይም ሞተሩን ዝቅ አድርጎ መሥራት እንጂ መስመሩ ላይ ቀዳዳ ማጥበቢያ መክተት መፍትሔ አይሆንም፤ ትርፉ ዘይት በሪሊፍ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ በሚከፈተው ቫልቭ) በኩል እየጮኸ ያልፍና ታንከሩን ያፈላዋል። የባክሆው ሪሊፍ ቫልቭ ከማሽኑ ዝቅ ብሎ መከፈት አለበት፤ ማሽኑ 210 ከሆነ የባክሆው ከ170 እስከ 190 ባር ቢሆን ጥሩ ነው። እስከ 400 ባር የሚያነብ ጌጅ ግፊት በሚገባበት መስመር ላይ አስገብተው፣ አንዱን ሲሊንደር ጫፍ አድርሰው ለሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ይዘው ያንብቡት።

የሆዞቹን ጫፍ ችግር ቀላል አድርገው አይዩት። የአሜሪካ ባክሆ ብዙ ጊዜ 37 ዲግሪ ሾጣጣ ያለው፣ ጄአይሲ የሚባለው የአሜሪካ ልክ ጥርስ ነው፤ እዚህ የሆዝ ሱቅ በብዛት ያለው ቢኤስፒ የሚባለው የእንግሊዝ ልክ ነው። ግማሽ ኢንች ቢኤስፒና 7/8 ጄአይሲ ሁለቱም በኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው የጥርስ መለኪያ ብቻ የያዘ ሰው አንድ ናቸው ይላል። የውጭ ስፋታቸው ግን 20.95 እና 22.2 ሚሊሜትር ነው። ትንሹ ትልቁ ዳዶ ውስጥ ገብቶ የጠበቀ ይመስላል፤ የያዘው የጥርሱን ጫፍ ብቻ ስለሆነ ግፊት ሲመጣ ይፈነጠራል። በካሊፐር ይለኩ፤ ቴፍሎን ጠቅልሎ ማጥበቅ ደግሞ የሾጣጣ ፊቲንግ መፍትሔ አይደለም። ሆዙ ባለ ሁለት ድርብ ሽቦ፣ ግማሽ ኢንቹ 275 ባር የሚችል ይሁን። ፈጣን ማገናኛዎቹ ጠፍጣፋ ፊት ያላቸው፣ በአይኤስኦ 16028 ልክ የተሠሩ ይሁኑ፤ ወንድና ሴቴው በማሽኑ ላይ ካሉት ጋር ካልተስማማ ሁለቱንም አንድ ላይ ይለውጡ።

የቱ መስመር ይገፋል፣ የቱ ይመልሳል የሚለው ከመጀመሪያው ሥራ በፊት መረጋገጥ አለበት። ሆዞቹ የተለዋወጡ እንደሆነ ሙሉው ግፊት በባክሆው ቫልቭ መመለሻ በኩል ይገባል፤ ያ ጎን ለከፍተኛ ግፊት ያልተሠራ ስለሆነ ጎሚኒው (ማሸጊያው) ይተፋል፣ አንዳንዴም የቫልቩ አካል ራሱ ይሰነጠቃል። በመመለሻው መስመር ላይ ዘይት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ ማስገባት ትንሽ ወጪ ነው፤ ኦፕሬተሩ ማንሻውን በስህተት ወደ ሌላ ጎን ቢጥለው ቫልቩን ያድናል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። በብዙ ስኪድ ስቲር ላይ የባክሆው ዘይትና ጎማውን የሚነዳው ፓምፕ ዘይት አንድ ታንከር ነው የሚጋሩት። ያገለገለ ባክሆ ሲሊንደሮች ውስጥ ዓመታት የቆየ፣ ውሃና ብናኝ የያዘ ዘይት አለ፤ እንዳለ ተያይዞ ሞተሩ ከተነሳ ያ ቆሻሻ ወደ መንጃው ፓምፕ ይሄዳል። የባክሆ ሲሊንደር ጎሚኒ ርካሽ ነው፣ የመንጃ ፓምፕ ግን የማሽኑን ግማሽ ዋጋ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ከመገናኘቱ በፊት እያንዳንዱ ሲሊንደር ሆዙ ተፈትቶ፣ ዘንጉ ተስቦና ተገፍቶ አሮጌው ዘይት በሳፋ ይውጣ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ከነሆዙ ይታጠብ። ሲያያይዙ የኬዝ መመሪያ የሚለውን ዓይነት ዘይት ብቻ ይሙሉ። መጀመሪያ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አድርገው ሁሉንም ሲሊንደሮች አራት አምስት ጊዜ ቀስ ብለው ጫፍ እስከ ጫፍ ያንቀሳቅሱ፣ አየሩ ይውጣ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው የታንከሩን ልክ ያሟሉ፤ ባዶ ሲሊንደሮች ብዙ ሊትር ይጠጣሉና ያለዚያ ፓምፑ አየር ይስባል። የመመለሻ ፊልትሮውን ከ10 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ እንደገና በ50 ሰዓት ይለውጡ። የሚያፈስ ቦታ በእጅ አይፈለግ፤ ካርቶን ያስጠጉበት። በ200 ባር የሚወጣ ቀጭን ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ የገባበት ሰው ባያመውም ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ከመቀመጫ ሲነሱ ዘይቱ መቆሙ ብልሽት አይደለም፤ ማሽኑ ሥራውን እየሠራ ነው። ሽቦውን ማገናኘትም ሆነ መቀመጫው ላይ ድንጋይ መጫን ክንዱንና መንጃውን ጭምር ሕያው ያደርጋቸዋል። ባክሆው ላይ የተቀመጠ ሰው ከክንዶቹ መካከል ነው ያለው፤ ካቢኑ ውስጥ አንድ ልብስ ማንሻውን ቢነካ የሚያመልጥበት ቦታ የለውም። አንዳንድ ማሽን ኦፕሬተሩ ሲወርድ ክንዱንና ጎማውን ቆልፎ የተጨማሪውን ፍሰት ብቻ የሚያስቀጥል የፋብሪካ አሠራር አለው። የእርስዎ ሞዴል ይህ እንዳለው መመሪያው ላይ ይመልከቱ። ከሌለው መቀመጫ ያለው ባክሆ ለዚህ ማሽን አይሆንም፤ ይህ ላይ ድርድር የለም።

ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው። የባክሆውንና የኬዙን ሞዴልና የሴሪ ቁጥር ይዘው ለዚህ ማሽን የሚሆን የመግጠሚያ ኪት እንዳለ አቅራቢ ይጠይቁ፤ አምራቾች ብዙውን ጊዜ ኪት የሚያዘጋጁት ለራሳቸው ማሽን ነውና ብዙ ተስፋ አያድርጉ። ኪቱ ከተገኘና ማሽኑ የፍሰት ማስቀጠያው ካለው ይግጠሙ። ኪቱ ከሌለ ባክሆውን ለቦብካት ባለቤት ይሽጡና የታችኛው ጆሮ የማያስፈልገው፣ የራሱ እግር ያለውና ከካቢን ውስጥ የሚታዘዝ ይግዙ። ከእነዚህ ውስጥ ርካሹ ቡሙ ራሱ የማይዞረው ነው። አፈሩን ለመድፋት ማሽኑ በሙሉ ይዞራል፤ ጎማ ይበላል፣ ጠባብ ሰፈር ውስጥም ያስቸግራል፣ ለ1.2 ሜትር ቀጥተኛ ቦይ ግን ይበቃል። የተሰላ ማቀፊያ ማሠራት ሦስተኛ ምርጫ ነው፤ የመሐንዲሱ፣ የብረቱና የቶርኖው ዋጋ ሲደመር ከመለወጡ ብዙም ላይረክስ ይችላል። የደሴው ሥራ ቀነ ገደብ ካለው እስከዚያው ባክሆ ሎደር (ፊቱ ላይ ባኬት፣ ኋላው ላይ መቆፈሪያ ያለው ማሽን) ይከራዩ።

በየትኛውም ቢቆፍሩ፣ ደሴ ጦሳ ሥር በተዳፋት ላይ ያለችና መሬት መንሸራተት የምታውቅ ከተማ ናት። በበልግም ሆነ በክረምት ዝናብ ማግስት 1.2 ሜትሩም ቢሆን ሰው ከመግባቱ በፊት ግድግዳው ይታይ፤ ከ1.5 ሜትር ካለፈ ያለ ድጋፍ ማንም አይግባ። የወጣው አፈር ከቦዩ አፍ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ይራቅ። ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ወርደው ጥቁር አፈር ላይ ሲሠሩ ከማረጋጊያ እግሮቹ ሥር ወፍራም ሳንቃ ያስገቡ። ጥቁር ድንጋዩ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ባኬቱን በጎን እያወዛወዙ ለመንቀል አይሞክሩ፤ የመዞሪያውን ፔርኖ የሚሰብረው ይህ ነው። በድጅኖ ወይም በሰባሪ መዶሻ ይፈልጡት።

ለመለወጥ ሄደው ሌላ ያገለገለ ባክሆ ሲያዩ ከቀለሙ በፊት መዞሪያውን ይመልከቱ። ቡሙን ዘርግተው ባኬቱን ከመሬት ትንሽ ከፍ ካደረጉ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው ባኬቱን በእጅ ግራ ቀኝ ይግፉት። ጫፉ ላይ ከ5 ሳንቲሜትር በላይ የሚጫወት ከሆነ የመዞሪያው ቡሽና ፔርኖ አልቀዋል፤ የቶርኖውን ወጪ ከዋጋው ያስቀንሱ፣ ካልቀነሱልዎት ይተዉት።